ቦንጋ ደን ዳር፣ ደረቅ ክፍል ፍለጋ

ጥቅምት 8

ዛሬ ሥራው የተጀመረው በአንድ የካርቶን አቃፊ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዋ አሁን የሚሠሩበትን ክፍል ስታሳየኝ ከመደርደሪያው አንዱን አወረደችና ከፈተችው። ውስጡ በጋዜጣ መሀል ተጭኖ የደረቀ የጌተም ቅርንጫፍ አለ። ጌተም ንቦች አበባውን ቀስመው ነጩን ማር የሚሰጡበት ዛፍ ነው። ቅጠሎቹ ላይ ግራጫ ሻጋታ ወጥቷል። በጣቷ ነካ ስታደርገው እንደ አመድ ብን አለ።

«ይህን ለማምጣት ሦስት ቀን በእግር ሄደናል» አለችኝ። ከዚያ አቃፊውን ዘግታ ቦታው መለሰችው። ሌላ ምንም አላለችም።

የመጣሁት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የደን ምርምር ሕንፃ ፕላን ላወጣ ነው። ቦታው ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ ደኑ የሚጀምርበት ዳር ላይ ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት (ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ ተብሎ) ተመዝግቧል። የአረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት ደን ነው። ቀራሮ፣ ዶቅማ፣ ዋንዛ፣ ሰሳና ብሳና ከላይ፣ ቡናና ኮረሪማ ከሥር። እንዲህ ያለ ደን አጠገብ የሚሠራ ሕንፃ ደኑን የሚያጠና ብቻ ሳይሆን የማይጎዳው መሆን አለበት። ይህን ከልቤ አምንበታለሁ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ ማስታወሻ እይዛለሁ። ዝናብ በሚበዛበት አገር የሚሠራ ሌላ ባለሙያ ሊጠቅመው ይችላል።

የተሰጠኝ ወረቀት 1,400 ካሬ ሜትር፣ ሦስት ፎቅ፣ ፊቱ መስታወት፣ በየክፍሉ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ይላል።

ጥቅምት 9

ትናንት ማታ የዕፅዋት ተመራማሪዋ ዶክተር ክፍል ውስጥ የእርጥበት መለኪያ ትቼ አደርኩ። ንጋት ላይ 91 ከመቶ አነበብኩ። ከሰዓት ፀሐይ ወጥታ መስኮቱ ሲከፈት ወደ 68 ወረደ። ሙቀቱ ግን ጠዋት 14 ዲግሪ፣ ከሰዓት 24 ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች ሐሳቤን ገለበጡት። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ሰው በሙቀት አይቸገርም። ጃኬት ለብሶ ነው የሚያመሸው። ጠላቱ እርጥበት ነው። አየሩ ከ70 ከመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ሲቆይ ሻጋታ ይበቅላል። ክፍሉም ተዘግቶ ሲያድር ይብሳል። በየክፍሉ ኤሲ ማለት ለሌለ በሽታ መድኃኒት መግዛት ነው።

ጥቅምት 15

ሦስት ቦታ አየን። የመጀመሪያው ከደኑ ውስጥ ገባ ያለ ገላጣ ነው። በጣም ያምራል። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ከዚያው ቆመን አየን። ሁሉም ሰው የወደደው እሱን ነው። ሁለተኛው ወንዝ ዳር ነው። ሦስተኛው ከመንገዱ አጠገብ ያለ አሮጌ የባሕር ዛፍ መሬት ነው። ጎልቶ የሚታይ ነገር የለውም። አፈሩ ተራቁቷል፣ ከሥሩ ሣር እንኳ በቅጡ አልበቀለም።

እኔ ሦስተኛውን ያዝኩ። ገላጣው ጋ ለመድረስ 600 ሜትር መንገድ በደኑ መሀል መቅደድ ያስፈልጋል። መንገድ ከተቀደደ ደግሞ ሕንፃው ብቻ አይሆንም የሚገባው። የጭነት መኪና፣ የመብራት ምሰሶ፣ ቆሻሻ፣ እየቆየ ሱቅ ይከተላል። ባሕር ዛፉ ጋ ግን መንገዱም መብራቱም ደርሷል። የምንቆርጠውም ዛፍ አገር በቀል አይደለም፤ ለሞራሌና ለማገር ይሆናል። ዙሪያውን መልሰን አገር በቀል ዛፍ ብንተክልበት መሬቱ ካለበት ይሻላል።

የደን ሰዎቹ ወዲያው ተስማሙ። አስተዳደር በኩል ያሉት «እይታው» እያሉ ትንሽ አዘኑ። ተመራማሪ ደኑን ሊያይ ሲፈልግ 10 ደቂቃ በእግሩ ይሄዳል፤ የእግር መንገዱ አሁንም አለ።

ኅዳር 2

ዛሬ ከጎረቤት አንድ አባት መጡ። ቀፏቸው ከቦታችን በላይ ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ካስማ ስንተክል ቆመው አዩንና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ቤቱን እዚህ ነው የምታቆሙት?»

«አዎ አባባ።»

«በሐምሌ እዚህ ጋ ውሃ ይተኛል።»

በከዘራቸው መሬቱን እየነኩ ውሃው ከየት መጥቶ በየት እንደሚያልፍ አሳዩን። አሁን ደረቅ ስለሆነ ዐይን አይለየውም። ነገር ግን እሳቸው ባሉት መስመር ሣሩ ትንሽ የጠቆረ ነው። በውሃ ልክ ስንለካ ቦታው ከዙሪያው 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ አገኘነው። ሕንፃውን 18 ሜትር ወደ ላይ ገፋነው። አባባ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማታ ትልቅ መብራት እንዳናበራ። ንቦቹ ይረበሻሉ አሉ። ይህን በፕላኑ ላይ ጻፍኩት፤ የውጭ መብራት በሙሉ ዝቅ ያለ፣ ወደ መሬት የተደፋና ቢጫ ቀለም ያለው ይሆናል። ነጭ መብራት የሌሊት ነፍሳትን በይበልጥ ይጠራል። ነፍሳት የሚያጠና ቤት ደግሞ ነፍሳትን በመብራት ማጥፋት የለበትም።

ኅዳር 20

ይህ ሳምንት ከሁሉም የጠቀመኝ ነው። ከተመራማሪዎቹ ጋር ቁጭ ብለን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋቸው። ከደን ስትመለሱ ከመኪና ወርዳችሁ እስከ ማታ ድረስ በእጃችሁ ምን ትሠራላችሁ?

እንዲህ ነው የሚውሉት። መጀመሪያ ጭቃ የጠገበ ቦት ጫማ ያወልቃሉ። ለዚህ ቦታ የለም፤ ኮሪደሩ ላይ ነው የሚያወልቁት። ከዚያ ቅጠልና ፍሬ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይለያሉ። የአፈር ናሙና ሰፊ ሳፋ ላይ አፍስሰው ያናፍሳሉ፣ ይወቅጣሉ፣ በወንፊት ያልፋል። የዛፍ ቁራጭ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ፣ አቧራው ክፍሉን ይሞላዋል። የዕፅዋት ናሙና በጋዜጣ እየጠቀለሉ በመጭመቂያ ሰሌዳ (ፕሬስ) ያስራሉ። ይህ ሁሉ የሚፈልገው ጣሪያ፣ ጠረጴዛ፣ ውሃና የሚነፍስ አየር ነው። ግድግዳ አይፈልግም። እንዲያውም ግድግዳ ይጎዳዋል።

ዝግ ክፍል የሚፈልገው ቀሪው ነው። ሚዛን፣ ማይክሮስኮፕ፣ ኮምፒውተር፣ ኬሚካል የሚነካበት ላብራቶሪ። ከነዚህም መሀል ከልቡ ደረቅ መሆን ያለበት ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ ሄርባሪየሙ (የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ማስቀመጫ) እና የሚዛንና ማይክሮስኮፕ ክፍሉ። ማይክሮስኮፕ ሌንስ ላይ ሻጋታ ከገባ መስታወቱን ይበላዋል፤ ያ ሌንስ አይመለስም።

ስለዚህ ፕላኑን ከእንደገና ሣልኩት። 520 ካሬ ሜትር ዝግ ክፍል፣ 300 ካሬ ሜትር በረንዳ። በረንዳው 3 ሜትር ወርድ አለው። መግቢያው ጫማ ማጠቢያ፣ ቀጥሎ የአፈር ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ የቅጠል። ጭቃው ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ወደ ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ደረቅ ክፍሎች መሀል ላይ ናቸው፤ ከውጭ ግድግዳ ጋር አይነካኩም፣ መስኮት የላቸውም። ሳጥን በሳጥን ውስጥ ማለት ነው። በራቸው ጋ ከመድረስ በፊት ትንሽ መተላለፊያ አለች። አንዱ በር ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። እርጥበት የሚመጥ ማሽን የሚሠራው ለእነዚህ ሁለት ክፍሎች ብቻ ነው። 1,400 ካሬ ሜትር ከማድረቅ 70 ካሬ ሜትር ማድረቅ ምን ያህል እንደሚቀል መናገር አያስፈልግም።

ዶክተሯ ፕላኑን አይታ በረንዳው ላይ ጣቷን አሳረፈች። «አሁንም እኮ የምንሠራው ደጅ ነው። ግን ዝናብ ሲመጣ እየሮጥን እንሰበስባለን» አለች።

ታኅሣሥ 11

ስለ ማከማቻ ሌላ ነገር ተማርኩ። የዘር ክፍል ብለን ትልቅ ፍሪዘር ያለበት ቦታ ይዘን ነበር። ለቡና ግን አይሠራም። የቡና ዘር ብዙ ሲደርቅና በቅዝቃዜ ሲቀመጥ ይሞታል። ለዚህ ነው የኢትዮጵያ የቡና ሀብት ጅማ አጠገብ በጮጬ የመስክ የዘረ መል ባንክ ውስጥ ቆሞ እየበቀለ የሚጠበቀው። ስለዚህ የቡና ፍሪዘር የሚለውን አውጥተን ችግኝ ጣቢያ አስገባን። ከእጅ መታጠቢያ የሚወጣው ውሃ ተጣርቶ ወደ ችግኞቹ ይሄዳል።

ለዘረ መል ምርመራ የሚሰበሰብ ቅጠልም ሁልጊዜ ፍሪዘር አይፈልግም። ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ባለበት ከረጢት ውስጥ ከገባ በፍጥነት ይደርቃልና ዲኤንኤው ይቆያል። መብራት አይፈልግም። ከሦስቱ የ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ፍሪዘሮች አንዱ ብቻ ቀረ። ይህን ካየሁ በኋላ የፀሐይ ፓነሉ ብዛትም ቀነሰ። መጀመሪያ ፍላጎትን መቀነስ፣ ከዚያ ፓነል መቁጠር። ብዙ ቦታ ተገላቢጦሹን ነው የማየው።

ጥር 6

ዛሬ ሙሉ ቀን ከአፈር ጋር ነበርን።

ግድግዳው በቦታው አፈር እንዲሠራ ነው የምፈልገው። በማሽን ተጨቁኖ ጥቂት ሲሚንቶ የሚገባበት ብሎኬት። አይቃጠልም፣ ስለዚህ ማገዶ አይፈጅም። የተቃጠለ ሸክላ እዚህ ብንጠቀም እሳቱ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። አዲስ አበባ በኪነ ሕንፃ ኢንስቲትዩቱ ግቢ በተጠቀጠቀ አፈር የተሠራ ባለ ሁለት ደርብ የሙከራ ቤት አለ፤ ተማሪ እያለሁ ግድግዳውን በእጄ ዳስሼዋለሁ። ነገር ግን የአዲስ አበባ ዝናብና የቦንጋ ዝናብ አንድ አይደሉም። እዚህ በዓመት ከ1,500 እስከ 2,000 ሚሊ ሜትር ይዘንባል።

ፎርማናችን ሦስት ጉድጓድ አስቆፈሩ። ላዩን ጥቁሩን አፈር ለችግኝ ለይተን አስቀመጥን። ከሥር ያለው ቀይ ነው፣ እጅ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ይህ ጥሩም መጥፎም ምልክት ነው። ሸክላ የበዛበት አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

የመሰንጠቁን መጠን የምንለካው በቀላል ሳጥን ነው። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱና ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን። ውስጡን ዘይት ቀብተን እርጥብ አፈሩን ጠቅጥቀን ሞላነው። ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ጥላ ላይ አስቀመጥነው። ሲደርቅ አፈሩ ከሳጥኑ ጫፍ ይሸሻል። የሸሸውን በማስመሪያ ትለካለህ። ከ15 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለ18 እጅ አፈር ይበቃዋል። ከ15 እስከ 30 ከሆነ ለ16፣ ከ30 እስከ 45 ለ14፣ እስከ 60 ከሆነ ለ12። ከዚያ ካለፈ አፈሩን መቀየር ነው።

ጥር 13

ሳጥኖቹ ደረቁ። ከመጀመሪያው ጉድጓድ ያመጣነው 54 ሚሊ ሜትር ሸሽቷል። ሲሚንቶ ብዙ ይበላል። ፎርማኑ ዝም ብለው ሳጥኑን አገላበጡት፣ ፈረካክሰው በጣታቸው አሹት። «ኢንጂነር፣ አሸዋ ይጠማዋል ይሄ» አሉ። ለሦስት እጅ አፈር አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ ጨምረን ሌላ ሳጥን ሞላን።

ጥር 20

26 ሚሊ ሜትር። አንድ ለ16 ይሆናል። ፎርማኑ ማስመሪያውን ሁለት ጊዜ አይተው ፈገግ አሉ። 40 ብሎኬት ለሙከራ ጨቁነን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንናቸው። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ውሃ ይጠጣሉ፣ እስከ 28 ቀን አይነኩም።

ጥር 29

የእንጨት ነገር። አንድ ሰው «ጥሩ ዋንዛ አገኝልሃለሁ» አለኝ። አልፈለግሁም። የሀገሪቱ የደን አዋጅ ከዓመታት በፊት ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ለይቶ የጠበቃቸው ያለ ነገር አይደለም። የደን ምርምር ቤት በር ዋንዛ ከሆነ ተማሪው ምን ይማራል?

ለጣሪያው ያው የቦታው ባሕር ዛፍ ነው። ለኮርኒስና ለመጋረጃ ቀርቀሃ እንጠቀማለን። ቀርቀሃ ውስጡ ስኳርና ስታርች ስላለው ነቀዝ ይወደዋል። በቦራክስና ቦሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከደረቀ ይጠበቃል፤ ግን ዝናብ ከነካው መድኃኒቱ ታጥቦ ይወጣል። ስለዚህ ቀርቀሃ ጣሪያ ሥር ብቻ። በረንዳው ላይ የሚቆሙ ምሰሶዎች መሬት አይነኩም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በብረት ይታሰራሉ። ምስጥ ከታች ሲመጣ እንዲታይ።

ለምስጥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት የሚል ምክር በየቦታው አለ። እዚህ አይሆንም። የአፈር ኬሚስትሪ በሚለካበት ቤት ዙሪያ ዘይት ማፍሰስ ውጤቱን ያበላሻል። ከዝናቡ ጋርም ወደ ወንዙ ይወርዳል።

የካቲት 18

ከአስተዳደሩ ጋር ረጅም ስብሰባ። ፕላኑ ትንሽ መሰላቸው። አንዱ ኃላፊ «ከሩቅ የሚታይ ነገር የለውም» አሉ። ስሜታቸው ይገባኛል። መስታወቱን ለምን እንዳነሳሁ አስረዳሁ። ደኑ መስታወት ላይ ሲታይ ወፍ ደን ነው ብሎ ይገባበታል፤ ተጋጭቶ ይሞታል። ደን ዳር መስታወት ግድግዳ ማቆም ወጥመድ ማቆም ነው። መስኮት አለን፤ ግን በጥልቅ ጥላ ሥር ነው፣ ከውጭም ቀጭን የቀርቀሃ ዘንግ አለበት።

የበዛው ክርክር ስለ ኬሚካል ጭስ መምጠጫ ካቢኔ ነበር። ላብራቶሪዎቹ አምስት ጠይቀዋል። ሰሌዳው ላይ ሒሳቡን ሠራን። የካቢኔው አፍ 1.2 ሜትር በ0.5 ሜትር ቢሆን፣ አየሩ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢገባ፣ በሰዓት 1,080 ሜትር ኩብ አየር ይወጣል። 5 በ6 የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር ክፍል 90 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ አንድ ካቢኔ ያን ክፍል በየ5 ደቂቃው ባዶ ያደርገዋል። የወጣውን የሚተካው ደግሞ ከደን የሚመጣው እርጥብ አየር ነው። አምስቱ አንድ ላይ ቢሠሩ ደረቅ ክፍል የሚባል ነገር አይኖርም።

ከዚህ በኋላ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ተነሱና በሳምንት ስንት ቀን በእርግጥ እንደሚጠቀሙ በግልጽ ተናገሩ። ሁለት ካቢኔ በቂ ሆነ። በሕንፃው ዳር ጫፍ ላይ፣ ለብቻቸው፣ ከሄርባሪየሙ በጣም ርቀው ይቀመጣሉ። መምህሩን ከልብ አመሰገንኳቸው።

መጋቢት 9

ውሃ። ጣሪያው ከነክንፉ 900 ካሬ ሜትር ነው። ዝናቡን በትንሹ 1,500 ሚሊ ሜትር ብለን፣ ከሚወርደው 80 ከመቶው ቢያዝ፣ በዓመት 1,080 ሜትር ኩብ። 40 ሰው በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም ቀኑ 2,000 ሊትር ነው። በጋው 90 ቀን ቢሆን 180 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ በበጋም አልፎ አልፎ ስለሚጥል 120 ሜትር ኩብ ታንከር ይበቃል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ለብቻው ይፈሳል።

ሚያዝያ 1

ዛሬ ቦታው ላይ ቀጥ ያለ እንጨት በቱንቢ አቆምን። ቦንጋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ አናት ላይ ትሆናለች። ጠበቅን። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል የእንጨቱ ጥላ እያጠረ እያጠረ ከእግሩ ሥር ገባ። ተማሪዎቹ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱ።

ይህን በሒሳብም ማወቅ ይቻላል። ግን ያየ ሰው አይረሳም። በሰኔ ፀሐይ ከሰሜን ናት፣ በታኅሣሥ ከደቡብ። በታኅሣሥ ቀትር 1.5 ሜትር ቁመት ያለውን የደቡብ መስኮት ለመከለል 90 ሴንቲ ሜትር የጣሪያ ክንፍ ይበቃል። ለሰሜኑ ከ45 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። የሚያስቸግሩት ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው፤ ዝቅ ያለች ፀሐይን ክንፍ አይመልሳትም።

ምዕራቡ ላይ ሰው አይቀመጥም አልኩ። ግን አንድ ክፍል ሙቀት ይፈልጋል፤ የዕፅዋት ማድረቂያው። ስለዚህ ማድረቂያውን ምዕራብ ጫፍ ላይ አደረግሁት፣ ከጥቁር ቆርቆሮ ሥር። አየሩ ከታች ገብቶ ይሞቅና በፕሬሶቹ መሀል አልፎ በላይ ይወጣል። ፀሐይ በሌለበት ቀን በኤሌክትሪክ ይታገዛል። ከዚያ የወጣ ናሙና በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ፍሪዘር ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቆያል፤ ነፍሳት እንዲሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሄርባሪየሙ የሚገባው።

ግንቦት 16

ሁለት የሙከራ ግድግዳ አቆምን። ሁለቱም 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ ዝናቡ በሚመጣበት አቅጣጫ። በአንደኛው ላይ የጣሪያ ክንፉ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 1.5 ሜትር። እያንዳንዱን ግማሹን በኖራ፣ ግማሹን በሲሚንቶ ለሰንነው። መሠረታቸው ድንጋይ ነው፤ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ክረምቱ ይፍረድ አልን።

ሐምሌ 12

ዝናብ። ሌሊቱን ሙሉ አላቋረጠም።

አሸንዳው ሞልቶ በግድግዳው ላይ ሲወርድ ደረስን። ፎርማኑ መሰላል አቁመው ወጡ። ውስጡ በቅጠል ተጠቅጥቋል። ከላይ ካለው ዛፍ የረገፈ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ እንደ ጭድ ጭቃ ተጣብቋል። ሁለት እጅ ሙሉ አወጡ። በዋናው ፕላን ላይ ሁለት ጣሪያዎች የሚገናኙበት መሀል ላይ የተደበቀ አሸንዳ ስዬ ነበር። የስህተቴን ክብደት ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ያ አሸንዳ በደን ዳር ቢሠራ በአንድ ክረምት ይደፈንና ውሃውን ቀጥታ ወደ ሄርባሪየሙ ይልከው ነበር። ማታውኑ አጠፋሁት። ጣሪያው አሁን አንድ ቀጥ ያለ፣ ወደ ሁለት ጎን የሚያፈስ ነው። አሸንዳው ውጭ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ሰው በአጭር መሰላል ይደርስበታል።

ሌላም ነገር። ከጊዜያዊው ቆርቆሮ ሥር ቆመን እየተነጋገርን ድምፃችን አልተሰማም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ መጮህ ነበረብን። መማሪያ ክፍሉ ላይ ከቆርቆሮው ሥር የአየር ክፍተት፣ ከዚያ ወፍራም የቀርቀሃ ምንጣፍ ኮርኒስ ጨመርኩ።

መስከረም 14

ግድግዳዎቹን ዛሬ መረመርን። አባባም መጥተው ነበር።

60 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ያለው ግድግዳ ተጎድቷል። ከታች ወደ ላይ ሦስት መስመር ብሎኬት ተበልቷል፤ ጠርዙ ክብ ሆኗል፣ በጥፍር ሲነካ ይረግፋል። የመታው ከላይ የወረደው ዝናብ ብቻ አይደለም። መሬት መትቶ የተረጨው ውሃም ነው። ጭቃው እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት ግድግዳው ላይ ነጠብጣብ ትቷል። የሲሚንቶ ልስኑ ከላይ ደህና ይመስላል። ፎርማኑ በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሲያደርጉት ግን ባዶ ድምፅ ሰጠ። ፈነቀሉት። ከኋላው ያለው አፈር እርጥብ ነው፤ ውሃው ገብቶ መውጫ አጥቷል። የኖራው ልስን ተሸርሽሯል እንጂ ከኋላው ደረቅ ነው።

1.5 ሜትር ክንፍ ያለው ግድግዳ ከታች ጥቂት ነጠብጣብ አለበት። ሌላ ምንም አልነካውም። ብሎኬቱን በጥፍር ሞከርኩት፣ አልተጫረም።

አባባ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ። «ይሄ ይሆናል» አሉ።

እዚያው ቆመን ወሰንን። የጣሪያ ክንፍ በዙሪያው 1.5 ሜትር። የድንጋዩ መሠረት ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ጠጠር የተሞላ ቦይ፣ ውሃው መሬት መትቶ እንዳይረጭ። ልስኑ በውስጥም በውጭም ኖራ። ዶክተሯ ሁለት የእርጥበት መለኪያዎች ግድግዳው ውስጥ እንድንቀብር ጠየቀች፤ ሕንፃው ራሱ እንዲጠና ትፈልጋለች። ቦታቸውን በኖራ ምልክት አደረግንላት።

መስከረም 20

የመሠረቱን መስመር ዘረጋን። ገመዱ አባባ ውሃ ይተኛል ካሉበት ካስማ 18 ሜትር ላይ ይጀምራል። ዶክተሯ የሄርባሪየሙ በር በሚሆንበት ቦታ ላይ ቆማ ገመዱን ተሻገረች፣ መተላለፊያዋን በሁለት እርምጃ ለካች። «ፕሬስ በሁለት እጅ ይዤ በሩን በምን እከፍታለሁ?» አለች። እውነቷን ነው። በሩን በ20 ሴንቲ ሜትር አሰፋነው፣ ከጎኑም ፕሬስ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ጨመርን። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቁፋሮ ይጀመራል።